ነካሁት፤ ዝም አለኝ

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ከስፌት መኪናው ፊት ስትቀመጪ ትራስ ከኋላሽ ማድረግ ጀመርሽ ወይስ አሁንም «ከነገ ጀምሮ» ላይ ነሽ? የእማዬ ጉልበት ደረጃ ያስወጣታል? ባለቤትሽን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? ልጅሽስ ጠዋት ጠዋት «ጫማዬ የት ሄደ» እያለች ታስረፍድሻለች? ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ደህና ካልሆናችሁም ለዛሬ አትንገሩኝ፣ ልቤ ውስጥ ቦታ የለም። እኔ አካሌ ደህና ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ከምሠራበት ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ፣ ከስብሰባ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ስላስቀመጥኩት ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ። ውስጥ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ከሥራዋ ትባረር አትባረር የሚወስኑት ዛሬ ነው፤ እኔ ደግሞ ምስክር ነኝ። ልደውልልሽ ሁለት ጊዜ ስልኬን አውጥቼ መለስኩት። ድምፄን ከሰማሽ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ካለቀስሽ ደግሞ እኔ ተነስቼ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው።

ሥራህ ምንድን ነው ባልሽኝ ቁጥር «የኮምፒውተር ነገር ነው» እያልኩ አልፍሻለሁ። ንቄሽ ሳይሆን ሰንፌ ነው። ዛሬ ግን እሱን ካልነገርኩሽ የቀረው አይገባሽምና ታገሽኝ። በሆስፒታሉ የትኛውም ክፍል ደም ሲፈልግ በኮምፒውተር ይጠይቃል። ጥያቄው ደም ክፍል ባለው ስክሪን ላይ ከዝርዝሩ ሥር ብቅ ይላል፤ ከአጠገቡ «ተዘጋጅቷል» የሚል ቁልፍ አለው። ባለሙያዋ ደሙን አዘጋጅታ ቁልፉን ስትነካ ጠያቂዎቹ መልሱን ያዩና ሰው ልከው ያስወስዳሉ። ይህን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንቺ ቁልፍ በክር ትሰፊያለሽ፣ እኔ በጽሑፍ እሰፋለሁ በይው። ሥራ ሲጀምር ተጨበጨበልኝ፤ የደም ክፍሉ ስልክም «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ተብሎ ተነሳ።

ደም ክፍል የምትሠራውን ሴት ሁላችንም «ቁጥቧ» እንላታለን። ቃል ስለምትቆጥብ ነው፤ ሰላምታሽን እንኳ በግማሽ ነው የምትመልስልሽ። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን አንዲት የወለደች እናት ደም ይፈሳት ጀመርና ከማዋለጃ ክፍል ጥያቄ ተላከ። ቁጥቧ ደሙን አዘጋጅታ፣ ቁልፉን ነክታ፣ ማስረከቢያው መስኮት አጠገብ አስቀመጠችውና ወደ ሌላ ሥራዋ ዞረች። የሚወስደው ሰው አልመጣም፤ ደውላ የምታጣራበት ስልክም የለም። እነሱ ማዶ ሆነው መልስ ሲጠብቁ፣ ደሙ መስኮት ላይ ሆኖ ሰው ሲጠብቅ አርባ ደቂቃ ሄደ። እናትየዋ በመከራ ተረፈች። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጣችው ትናንት ነው፤ ልጇን ገና በቅጡ አላቀፈችውም።

ነገሩ ሲጣራ ቁጥቧ የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር፤ «ነካሁት፤ ዝም አለኝ»። እኔ ተጠራሁ። እያንዳንዱ ንክኪ ከነሰዓቱ የሚመዘገብበትን መዝገብ ከፈትኩ፤ የእሷ ንክኪ የለም። «አልነካችውም» ብዬ አፌን ሞልቼ መሰከርኩ። ይባስ ብዬ ላሳያችሁ አልኩና ገጹን ከፍቼ የመጀመሪያውን ቁልፍ ነካሁ፤ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ዝም አለኝ የሚለው ቃሏ እንደገና ሲነሳ «ኮምፒውተር ኩርፊያ አያውቅም» ብዬ ሳቅሁ። ክፍሉም አብሮኝ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አልተከራከረችምም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ታግዳ ቤቷ ተቀመጠች።

ማክሰኞ ዕለት ለሌላ ጉዳይ ደም ክፍል ገባሁ። በቁጥቧ ቦታ የተተካችው ሴት ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ዓይኔ እያየ አዲስ ጥያቄ ከዝርዝሩ ሥር ገባ። ቁልፉን ነካችው፤ ምንም። ደገመችው፤ ምንም። ቅር ሳይላት ገጹን ሪፍሬሽ አደረገች፣ እንደ አዲስ ከፈተችው ማለት ነው፤ እንደገና ነካችው፤ ሠራ። «ሰሞኑን እንዲህ ሆኗል እኮ፣ ሪፍሬሽ ካላደረግነው አይሰማም» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ይመስል። እታለም፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ ለእኔ ነው። የገጹን አመል ሁሉም ለምደውታል፣ ለእኔ የነገረኝ ግን የለም፤ የነገረችኝን አንዷን ደግሞ ስቄባታለሁ።

ስህተቱ ምን መሰለሽ። ገጹ ሲከፈት እኔ የጻፍኩት ስክሪፕት የሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ይነሳና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እየዞረ በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ጆሮ ይተክላል። ጆሮ ያለው ቁልፍ ሲነካ ይሰማል። ዞሮ ሲጨርስ ሥራው አለቀ፣ ይተኛል። ድሮ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ገጹ በሙሉ እንደገና ይከፈት ስለነበር ችግር አልነበረውም። እናትየዋ ከመድማቷ በፊት በነበረው ቀን ግን እኔ «ይፍጠን» ብዬ ገጹ ሳይታደስ አዲስ ጥያቄ ብቻውን ከሥር እንዲገባ አደረግሁ። እነዚያ ዘግይተው የገቡት ቁልፋቸውን ይዘው መጡ፣ ጆሮ የሚተክልላቸው ግን አልነበረም። ጠዋት ስም ተጠርቶ ካበቃ በኋላ የገባ ተማሪ አስቢ፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ መዝገቡ ላይ ግን የለም። ባንቺ ቋንቋ ደግሞ ቀዳዳ ሳይወጣለት ኮት ላይ የተሰፋ ቁልፍ ማለት ነው፤ ያምራል፣ አይቆልፍም።

«በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተነካህ ጩህ» ብዬ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር የላክሁት ትንሽ ስክሪፕትም ነበር። እሱም አብሮ ገብቶ እንደ ተጣጠፈ ወረቀት ተቀመጠ እንጂ አልጮኸም። እንዲህ ከኋላ የሚገባ ትእዛዝ ካልቀሰቀሱት በራሱ አይነሳም። ይህን የማላውቅ መስሎሽ እንዳትራሪልኝ፤ አውቃለሁ። ስጣደፍ ረሳሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሚያቃጥለኝ ሌላም አለ። ሌሎቹ የደም ክፍል ባለሙያዎች ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ገጹን ዘግተው ሲመለሱ ይከፍቱታል፤ ያኔ ጆሮው እንደገና ይተከላል። ቁጥቧ ግን ከቦታዋ አትነሳም። ያስጠየቃት ትጋቷ ነው።

እዚያው ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። በዚያች ሰዓት ሌላ ሰው እየደማ ሊሆን ይችላልና ማቆየት አልቻልኩም። መፍትሔው አጭር ነው። በእኛ ሙያ ዝርዝሩን የያዘው ሳጥን ወላጅ ይባላል፣ በውስጡ ያሉት ልጆች። ጆሮውን ከልጆቹ ላይ ነቅዬ ወላጁ ላይ ተከልኩት። ልጅ ሲነካ ድምፁ ወደ ወላጅ ይወጣል፤ ቀድሞ የመጣም ዘግይቶ የመጣም እኩል ይሰማል። ይህን ለመማር አምስት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላለስኩ ስልሽ መሳቅሽ አይቀርም። አንቺ ሳትማሪው ታውቂው ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ገና ከንፈሬን ስጥል ከጎረቤት ሮጠሽ የምትመጪው አንቺ ነበርሽ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እዚህ የቀጠረኝ እሱ ነው። በሩን ዘጋና «አስተካክለኸዋል አይደል? በቃ። አሁን ቢያዩት ይሠራል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እሷንም ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ይተዋት ይሆናል» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ወደዚያ ዘመመ። ሁለት ቀን ሙሉ ዘመመ። ውሌ የሚታደሰው በሚመጣው ወር ነው። ስህተቱን በገዛ እጄ ስላጠፋሁት የሚታይ ነገር የለም። ዝም ማለት እንደዚህ ቀሎኝ አያውቅም። ትናንት ያቺን እናት ልያት ብዬ ወደ ክፍሏ ሄድኩና ከበሩ ሳላልፍ ቆምኩ። እናቷ ዘመድ መስዬያት ከወንበሯ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም፤ ሸሸሁ።

አሁን ይህን እየጻፍኩልሽ እንኳ ምን እንደምል አላውቅም። ቁጥቧ ከዚሁ ወንበር በዚያኛው ጫፍ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ወደ እኔ አላየችም። በሩ ተከፈተ፤ ስሜን ጠሩ።

እታለም፣ ወጣሁ። ጽሑፌ አሁን ብሶበታል፣ እንደምንም አንብቢው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አንዲት ሐኪም ናት። ያለፈውን ቃልህን ታጸናለህ ወይ አለችኝ። አለቃዬ ጥግ ተቀምጦ የጫማውን ጫፍ ያያል። «አላጸናም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ነክታለች፣ ያልሰማት ገጹ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። እስቲ አሳየን አሉኝ። ገጹ ተከፈተ፣ ለሙከራ አንድ ጥያቄ ተላከ፣ ነኩት፤ ሠራ። «እስከ ማክሰኞ ድረስ አይሰማም ነበር» ስል ከአምስቱ አንዱ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው።

በሙያችን ግን አንድ ልማድ አለ። የጻፍነውን ስንቀይር የቀድሞውን አንጥለውም። ቅጂው ይቀመጣል፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የጻፈው ሰው ስምና ቀኑ ይታያል። የድሮውን ቅጂ አወጣሁና ግድግዳው ላይ በትልቁ አበራሁት። ቁጥቧን አስጠሯት። ለሙከራ የተላከው ጥያቄ ከዝርዝሩ ሥር ገባ። ንኪው አሏት፤ ነካችው። ዝም። ደገመችው። ዝም። ፈገግ ያለው ሰውዬ ራሱ ተነስቶ ነካው፤ ለእሱም ዝም። መዝገቡን አዩት፤ ባዶ ነው። ሰብሳቢዋ ይህን መስመር ማን ጻፈው ብላ ጠየቀች። መመለስ አላስፈለገኝም፤ ስሜ ግድግዳው ላይ ነበር።

ቁጥቧ ከነገ ጀምሮ ሥራዋ ላይ ትገባለች። ስልኩም ወደ ደም ክፍል ይመለሳል ተብሏል። እኔ እስከ ሰኞ ቤትህ ቆይ፣ ያኔ ውሳኔህን ትሰማለህ ተባልኩ። አለቃዬ ሳያየኝ አለፈ። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ፤ ለእማዬ ግን እስኪለይለት አትንገሪያት።

ወደዚህ ወንበር ስመለስ ቁጥቧ ከኋላዬ ደረሰችብኝ። ልታመሰግነኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ከአንቺ ምን እደብቃለሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት። መሳሳትስ ማንም ይሳሳታል አለችኝ። ቀጥላም «ስነግርህ ግን ለምን ሳቅህ?» አለች። ትንሽ ጠበቀችኝና ሄደች።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል በያት። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ሳሉን በዋዛ እንዳያየው። ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ «ሰሌዳው አይታየኝም እያለች ከትምህርት ማምለጫ ሰበብ ታበጃለች» ብለሽ ጽፈሽልኝ፣ እኔም አንብቤ ከት ብዬ ስቄ ነበር። እታለም፣ ይህ ወረቀት በደረሰሽ ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ውሰጃት።

ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከስብሰባ ክፍሉ በር ፊት
ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን