ወደ አባታችን ቤት ለልመና

ለተከበርሽው ለጃሱቤን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ወደ ማታ የሚነሳብሽ ሳልስ? እናታችን ባ እንዴት ናት? እህል ትቀምሳለች ወይስ አባታችን ባፑ ካረፈ ወዲህ ሳህኑን ወደ እናንተ እየገፋች “ጠግቤያለሁ” ትላለች? እኔ ደህና ነኝ። እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ ያሳፍረኛል፤ አባቱ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት ደህና የሆነ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ግን የመንግሥት ሐኪም በየማለዳው የደም ግፊቴን እየለካ ደህና ነዎት ይለኛል፤ እሱን ማስዋሸት አልፈልግም። ስልክ ያልደወልሁት ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ ቢቀደድም ቁራጩ ይነበባል።

እኅቴ ብዬ ልጠራሽ እንደማይገባኝ ታውቂያለሽ። ስመነኩስ ወንዝ ዳር ተቀምጬ የገዛ ራሴን የሙት ሥርዓት ፈጸምሁ፤ ለነፍሴ የሚቀርበውን የሩዝ ድቡልቡል በገዛ እጄ አቀረብሁ። ከዚያ ወዲህ ለቤታችሁ ሙት ነኝ። ከሞትሁ በኋላ ግን በሕይወቴ ያላገኘሁት ሥራ መጣልኝ፤ መጀመሪያ የገዳሙ አለቃ፣ ቀጥሎ የምክር ቤት አባል፣ አሁን ደግሞ የክልሉ መሪ። ዓለምን ንቄ ብወጣ፣ መንግሥት ክፍሎቹን ቆጥሬ ያልጨረስሁት ቤት ሰጠኝ። በምርጫው ሰሞን የፓርቲያችን መላ አዋቂ ኪርቲባይ በየመድረኩ “ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ለማን ብሎ ይሰርቃል?” ሲል ሕዝቡ ያጨበጭብ ነበር። እኔም ፈገግ እል ነበር። እናንተን በካድሁ ቁጥር ድምፄ እንደሚጨምር ገብቶኝ ነበር።

ባፑ ያረፈ ዕለት ደውለሽ አስከሬኑ ወንድ ልጁን እየጠበቀ ነው አልሽኝ። መነኩሴ አስከሬን የሚቃጠልበትን እሳት መለኮስ አይፈቀድለትም ብዬ መለስሁልሽ። ሕጉ እውነት ነው። እኔ ግን ሕጉ ሲከለክለኝ እፎይ ብያለሁ፤ ይህን ለማንም አልተናገርሁም። በማግሥቱ የዘይት ፋብሪካውን ባለቤት የፖፓትላልን ቃሬዛ ተሸክሜ ስሸኝ በቴሌቪዥን አየሽኝ። ለእሱም ቢሆን ሙት ነበርሁ፤ ዘመዶቹ ግን ብዙ ድምፅ አላቸው።

አንቺ ችቦውን ይዘሽ እሳቱን ራስሽ ለኮስሽ። ሙልጂባፓና ሌሎቹ የመንደሩ ሽማግሌዎች ደግሞ “ሴት በለኮሰችው እሳት የተሸኘ ሰው ቤት እህል አንቀምስም” አሉ። እነሱ በአስራ ሦስተኛው ቀን ዝክር ካልበሉ ባፑ በወጉ እንዳልተሸኘ፣ ባም ከሐዘኗ መውጣት እንደማትችል አውቃለሁ። አንድ ቃል ተናገርልን ብለሽ ስትደውዪ ኪርቲባይን ጠየቅሁት። “ስዋሚጂ፣ ይህን ካጸደቁ አምስት የምርጫ ወረዳዎችን በአንድ ጀምበር ይሰናበቱ” አለኝ። ስለዚህ ለአንቺ “ጉዳዩን እናጠናዋለን” አልሁሽ። ይህን ቃል የማውቀው ለመንገድና ለውኃ ቧንቧ ነበር።

አንቺም “ሙት ከሆንህ ዝም በል፣ ሙት እንደ አንተ አያወራም። መነኩሴ ነኝ ካልህ ደግሞ መነኩሴ ለምኖ ይበላል እንጂ ስብሰባ አይጠራም” ብለሽ ዘጋሽው። ስድቡ ተገቢ ነበር። ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን መፍትሔው እዚያው ስድቡ ውስጥ መኖሩና አማካሪዎቼ ሁሉ ተሰብስበው አለማግኘታቸው ነው። ልጅ ሆኜ መምጣት አልችልም። ለማኝ ሆኜ ግን ወደፈለግሁት ደጅ መሄድ እችላለሁ፤ መነኩሴ የበላበትን ቤት ርኩስ ነው የሚል አፍ ደግሞ በመንደራችን የለም፤ ሙልጂባፓም ቢሆኑ።

ለኪርቲባይ ስነግረው “ለምጽዋት የሚሄዱበት ቤት ጠፋ እንዴ ስዋሚጂ? ባለቤቴ ሁለት ዓይነት ወጥ ሠርታ ትጠብቅዎታለች” አለ። የባለቤትህን ወጥ ቀምሼዋለሁ፣ ትዕግሥቴን የፈተነው እሱ ነው አልሁት። አኩርፏል። አምስቱ ወረዳዎችም ሊያኮርፉ ይችላሉ።

ከነገ ወዲያ፣ በዝክሩ ዋዜማ፣ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ከማን ቤት የምግብ ጭስ እንደሚወጣ በሚቆጥሩበት ሰዓት፣ መኪናዎቹን ከመንደሩ ውጭ አቁሜ በባዶ እግሬ እመጣለሁ። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፤ ደጅ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እጣራለሁ፣ አንዲት ላም እስክትታለብ እቆማለሁ፣ ካልተከፈተልኝ ወደ ቀጣዩ ቤት አልፋለሁ። ሁለተኛ መጣራት አይፈቀድልኝም። ባትከፍቺልኝ አልፈርድብሽም። ብትከፍቺ ግን የማሽላ ቂጣና አሬራ ይበቃል፤ ቆሜ ደጃፉ ላይ እበላዋለሁ፣ ሁሉም ያያል። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለቴ አይደለም። ሳህኔ ላይ አድርገሽ ፊትሽን ብታዞሪም ለባፑ ይበቃዋል።

ለባለቤትሽ ለሃስሙክ፣ ለልጆችሽ፣ ለጎረቤታችን ለራምባቤን ሰላምታ አቅርቢልኝ። ለሙልጂባፓ እጅ ነሥቻለሁ በያቸው፤ እንደምመጣ ግን አትንገሪያቸው። ለባ ግን ምን እንደምትያት አላውቅም። ብቻ እኔ ደጅ ቆሜ ሳለ ከኋላ ክፍል አቆዪያት። በልጅነት ስሜ ከጠራችኝ፣ መነኩሴ እንዴት እንደሚቆም አላስታውስም።

ስዋሚ ታትቫናንድ (ሌላ ስም መጻፍ አይፈቀድልኝም)
ከሱርያፑር፣ በማግ ወር፣ ጨረቃ በምትጎድልበት ሰሞን