የእንግዳው ወንበር

ሁላችንን ያለ ዋጋ በሚመግብ አምላክ ፊት፣ በዚህ በተሰበሰቡት አራት ምስክሮችም ፊት፣ እኔ ወይዘሮ ገላነሽ ኃይለመስቀል፣ በሐረር ከተማ የአቦከር ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት ፲፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። እግሬ ከድቶኛል፤ ልቤም ሐኪሙ እንዳለው ደክሟል። አእምሮዬ ግን ደኅና ነው። የሚጠራጠር ካለ፣ ጸሐፊው አቶ ወንድይራድ ቀኑን አሳስቶ ሲጽፍ ያረምኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላግባባኝም።

የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። ያለብኝ የምስጋና ነውና ከእሱ እጀምራለሁ።

አንደኛ፦ ለጎረቤቶቼ ለአቶ ዐብዱልዋሲዕ ማሒርና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ናፊያ ዓሊዪ መታሰቢያ የሚሆን ዕቃ ላወርሳቸው አስቤ ነበር። ምስክር የሆነ ሰው ውርስ አይቀበልም ብሎ አቶ ወንድይራድ ከለከለኝ። እንግዲያው ምክንያቱን ብቻ አጽፋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ ጠዋት አቶ ዐብዱልዋሲዕ ኤረር በር ወደሚገኘው ሱቃቸው ሲሄዱ በሬን አንኳኩ። «እትዬ ገላነሽ፣ ደኅና ናችሁ ወይ? የቤተ ክርስቲያናችሁን ደወል ከሰማሁ ሰነበትኩ። ወላሂ፣ ክፉ ነገር የደረሰባችሁ መስሎኝ ነው» አሉኝ።

የደረሰብን ነገር አልነበረም፤ ዲያቆናቱ አልቀውብን ነው። ሐኪም በሚባለው ጋራ ሥር ያለችው ትንሿ ደብራችን ቄሶች ነበሯት። ለቅዳሴ የሚያስፈልጉት ሦስት ዲያቆናት ግን አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ ወደማላውቀው አገር ሄደዋል። እኛ ምእመናኑ «እንግዲህ ጊዜው ነው» እያልን ደጁን ተሳልመን ወደ ቤታችን እንመለስ ነበር። የደወሉ መቅረት ከእኛ ቀድሞ የከነከነው አቶ ዐብዱልዋሲዕን ነው። ስለዚያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ልጆቼም እንዲያመሰግኗቸው አዛለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ማኅበራችን። የኪዳነ ምሕረት የጽዋ ማኅበራችን ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ በየወሩ በ፲፮ ቀን በአባላቱ ቤት በየተራ ይዘከራል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚመጣውን ወር ይደግሳል። ወንበሩ በሐዋርያት ቁጥር አሥራ ሁለት ነው። ከዚያ ሌላ በበሩ አጠገብ አንድ አጭር በርጩማ ይቀመጣል፤ እሱ የእንግዳ ነው፤ ማንነቱ ሳይጠየቅ የገባ ሰው ይቀመጥበታል። አባል ሲሞት ወንበሩን ልጁ ይወርሳል።

ልጆቻችን ግን አገር ለቀው ሄዱ። እኛም ወንበራቸውን ጠበቅንላቸው። ዳቦው ለአሥራ ሁለት ይቆረስ ነበር፤ የምንቀመጠው ሦስት አሮጊቶች ነበርን፤ ወንበሮቹም በእኔ ቤት ስለተሰበሰቡ ድግሱ የማንም ይሁን የማን የምንዘክረው ከዚሁ ሆነ። የቀረውን ድርሻ «ሲመጡ ይበሉታል» ብለን በነጭ ጨርቅ እንሸፍነው ነበር፤ ሻጋታ በላው። እንዲህ ያለውን ሞኝነት ከእኛ ከሐረር ባላባቶች በቀር የሚችልበት የለም።

አቶ ዐብዱልዋሲዕ በጠየቁኝ ወር፣ በማኅበሩ ቀን፣ ዘርፌ የምትባል የሆቴል አልጋ አንጣፊ በመንገድ ስታልፍ ጸሎት ሰምታ በሬ ላይ ቆመች። «እማማ፣ ኪዳነ ምሕረት ናት? በሥራ ልብሴ ብገባ ይከፋችኋል?» አለች። በእንግዳው በርጩማ አስቀመጥኳት። በሚቀጥለው ወር ጓደኛዋን ይዛ መጣች፤ በርጩማው ለሁለት አይበቃም። ያን ጊዜ ዘርፌን በሟቹ ባለቤቴ በአቶ ጌጡ ወንበር ተቀመጪ አልኳት። ወንበሩ ለልጄ ለባርኮት የሚጠበቅ ስለነበር አንዷ አሮጊት ተቆጣች፦ «የሰው ወንበር እኮ ነው ገላነሽ!»

«ባለቤቱ ሲመጣ ትነሣለች» ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ባለቤቱ አልመጣም። ይልቅ ባጃጅ ነጂው ኡራኤል መጣ። በጸሎቱ መካከል ዜማውን አሳምሮ ሲቀበል ሰምቼ የት እንደተማረ ጠየቅኩት። «ጎጃም ነው እናቴ፤ ዲያቆን ነኝ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አትቀድስም?»

«የጠየቀኝ ሰው የለም።»

በደብራችን ደጅ ተሳፋሪ ሲያወርድ ዓመት አልፎታል። የማን ልጅ እንደሆነ ስለማናውቅ ምን እንደሆነም አልጠየቅንም። ኡራኤል ሁለት የጤና ተማሪዎች ጠራ፤ እነሱም ዲያቆናት ናቸው። የነፍስ አባቴ ቀሲስ ወልደሚካኤል የክህነት ማስረጃቸውን አይተው ወደ መቅደስ አስገቧቸው። ደወሉ የተደወለ ለት አልቅሻለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ዛሬ አሥራ ሁለቱ ወንበሮች ሙሉ ናቸው። ከእኛ ከአሮጊቶቹ ሌላ ግማሾቹ የቀን ሠራተኞች፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ዘመድ የሌለውን ይቀብራሉ። በእርጅናዬ ይህን ያሳየኝ አምላክ ይመስገን።

ሦስተኛ፦ ትልቁን ቤት ለልጆቼ ለባርኮትና ለሣራ እኩል አውርሻለሁ። ከጓሮ ያሉትን የሰርቪስ ክፍሎች ለደብራችን ሰጥቻለሁ፤ የተቸገሩ ዲያቆናት ይደሩባቸው። ወንበሬንና የጸሎት መጽሐፌን ሣራ ትውሰድ፤ ከድሬዳዋ በየወሩ እየመጣች ዳቦዬን የምትጋግርልኝ እሷ ናት። ባርኮት «ቤቱን ሸጠን አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ትኑሪ» ሲለኝ ቆይቷል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ ዐርፌ ቤቱ ቢሸጥ እነዚህ ልጆች የሚሰበሰቡበት ደጅ ያጣሉ፤ ፍርሃቴ ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ቃሌ ሽያጩን እከለክላለሁ።

አራተኛ፦ የአቶ ጌጡ ወንበር ለዘርፌ ጸንቷል።

ይህን ሳስጽፍ፣ ከእህቱ ከሣራ ጋር ቃሌን ሲሰማ የቆየው ባርኮት ከተቀመጠበት ተነሣ። አቶ ወንድይራድ ብዕሩን ቢያቆም፣ የሆነውን ሁሉ ጻፍ ብዬ አዝዣለሁ።

«እማዬ፣ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሰርቪሱም ይሁንላቸው» አለ። «ወንበሩ ግን የአባቴ ነው። ለእኔ አልነበረም እንዴ?»

እኔ መልስ ያዘጋጀሁት ስለ ቤቱ ቢቆጣ ነበር።

ውሃ ልታቀርብልን የገባችው ዘርፌ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች «እማማ፣ እኔ እነሣለሁ። ባለቤቱ ሲመጣ ትነሣለች ብለው ነበር እኮ» አለች።

«አትነሺም» አልኳት። ያን ጊዜ የተናገርኩትን ዛሬ በምስክሮች ፊት ሽሬዋለሁ፤ በዚህ ቤት ከተቀመጠበት የሚነሣ ሰው የለም። ለባርኮትም «ልጄ፣ ባዶ የቀረ አንድ መቀመጫ አለ። የበሩ» አልኩት።

«የእንግዳው?»

«እሱ። የመጣህ ቀን ሁሉ ያንተ ነው። ለምን ዘገየህ ብሎ የሚጠይቅህም የለም።»

አቶ ዐብዱልዋሲዕ ከወዲያ ሆነው «አንተ ልጅ፣ ናፊያ ነች የወተት ጥርስህ ሲወልቅ የያዘችህ። በእናትህ ቤት ቁጭ በል ስትባል ምን ያስቆምሃል?» አሉት። ባርኮት ሄዶ በበርጩማው ተቀመጠ። አጭር ስለሆነ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ነው። ሣራ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ።

ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ጽዋው ከእኔ እጅ ይወጣል። እኔ ለኅዳር አልደርስ ይሆናል። ስለዚህ «የኅዳሩን ማን ይቀበለኛል?» ብዬ ጠየቅኩ። ዘርፌ አፏን ሳትከፍት ባርኮት «እኔ» አለ።

«የት ትደግሰዋለህ?»

«የት ይሆናል? እዚሁ ነዋ።»

ጫማውን አውልቆ ቆመ፤ ጽዋውን በሁለት እጁ ከእጄ ተቀበለ።

አምስተኛ፦ አቶ ወንድይራድ፣ ይህን ቁጥር ባዶ ተወው። የምከለክለው ነገር የለኝም።

ይህ ቃል በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቧል፤ እንደተናገርኩት ሆኖ ስላገኘሁት በእጄ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ገላነሽ ኃይለመስቀል

ሲነበብ ሰምተን የፈረምን ምስክሮች፦
ቀሲስ ወልደሚካኤል
ዐብዱልዋሲዕ ማሒር
ናፊያ ዓሊዪ
ወንድይራድ፣ ጸሐፊም ምስክርም

ምስክር ሳይሆን፣ የኅዳር ኪዳነ ምሕረትን ጽዋ ተቀባይ፦ ባርኮት ጌጡ፣ ከበሩ አጠገብ