በቅንፍ ውስጥ ስለቀረው ሳቅ

ለተከበሩ የጤና ምርምር ተቋሙ የጥናት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ታመው የራስዎ ጥናት ተሳታፊ እንዳይሆኑ ከልቤ እሳሳልዎታለሁና። እኔ ነርሶቹ «አባባ ቀልዴ» የሚሉኝ ሽማግሌ ነኝ። ሟች ባለቤቴ፣ ከባድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕመሙን እንዴት እንደሚችሉት ለሚመረምረው ጥናታችሁ በመቅረጫ ቃሏን ሰጥታ ነበር። አቤቱታዬን እንደ ወጋችሁ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጠያቂዋ ልጅ፣ እግዜር ያሳድጋትና፣ እኔ ካለሁ መልሱ እንደሚበላሽ በትሕትና አስረድታ ከክፍሉ አስወጣችኝ። ዕድሜ ልኬን የሚስቴን ወሬ ሳቋርጥ ለኖርኩት ሰውዬ መላ የሚሆን ሳይንስ በመገኘቱ አመሰግናለሁ። ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ባለቤቴ ስትስቅ ድምፅዋ በበሩ በኩል ሽው አለብኝ። ምን እንዳሳቃት ብጠይቃት፣ የጥናት ምስጢር ነው ብላ አሾፈችብኝ። ማሾፉን የተማረችው ከእኔው ነው።

2ኛ. ከቀብሯ በኋላ ውጤቱን ልታሰሙን አዳራሽ ሰበሰባችሁን። ግድግዳው ላይ ባበራችሁት ጽሑፍ «ተሳታፊ ዘጠኝ» ያላችኋት ሴት እንዲህ ትላለች፦ «ሽማግሌዬ እንዳልፈራ ብሎ ይቀልዳል። ቀልዶቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። እሱ እንዳይፈራ ብዬ እስቅለታለሁ (ሳቅ)።» ስሟን ብትደብቁም አነጋገሯን መደበቅ አልሆነላችሁም። ከበላዩ «የመቋቋሚያ ስልት» የሚል ርእስ ሰጥታችሁታል፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኛ ሳናውቅ ትዳር ነበር የምንለው።

3ኛ. ቅጂውን ላድምጥ ብል፣ ጸሐፊዎ ተሳታፊዋ ራሷ መጥታ ካልፈቀደች እንደማይቻል፣ ጥናቱ ሲዘጋም ድምፁ እንደሚሰረዝ ነገረችኝ። ደንብ ነው፤ አልከፋኝም። ተሳታፊዋን ይዤ ለመምጣት ግን የምችለውን ሁሉ አስቤ አቃተኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሙሉውን አልጠየቅሁም። ያቺን ቅንፍ ብቻ ክፈቱልኝ። ለእኔ ስትል የሳቀችውን ብዙ ሰምቻለሁ፤ እኔ በሌለሁበት የሳቀችውን ግን አንዴ እንኳ በወጉ አልሰማሁትም። ሳይሰረዝ በፊት ልስማውና የቱ የእውነቷ እንደነበር እኔው ልለየው።

ደጅ ላይ ወንበር ስላወጣችሁለት ምስጋናው የማያልቅበት፣ ከእንግዲህ የማንንም መልስ የማያበላሽ፣

የተሳታፊ ዘጠኝ ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ ለሚቀጥለው ጥናት ከፈለጋችሁኝ ዝግጁ ነኝ። ከክፍሉ የምታስወጡብኝ ሰው ስለሌለ ሥራው ይቀልላችኋል።