ለመስቀል እንዳትመጣ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለዱባለ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞሃል? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ጉልበትህስ ተሻለህ? ሰርኬ እንዴት ናት? ልጆቹ አደጉ? ላሟ ወለደች? እኔ እህትህ ወለተጻድቅ ከዓይኔ መድከምና ከእንቅልፍ ማጣት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ነህ ወይ ብዬ ስጠይቅህ ግን ዛሬ እንደ ወትሮው ለወጉ አይደለም። ደህንነትህን ከቅቤ ነጋዴዋ ከዋጋነሽ አፍ ሰምቼ እንኳ ልቤ አላረፈም።

አስቀድሜ ዋናውን ልንገርህ፤ ወረቀቱን ዝናብ ቢነካው ይህ እንዲተርፍ ከላይ እጽፈዋለሁ። ለመስቀል እመጣለሁ ያልከውን ተው። ለመስቀልም ለገናም አትምጣ። መንገድህ በኮልፌ በኩል ቢሆን እንኳ ዞረህ እለፍ። አንተ እዚህ ሞተሃል፤ ተለቅሶልሃል። በሕይወት መኖርህ ከታወቀ የምትጠፋው ልጄ ሰብሌ ናት።

ባለቤቴ ይገዙ በየካቲቱ እልቂት ከሞተ በኋላ ባለው ዓመት ነው፣ የሰፈራችን አስተርጓሚ ጉልላት አባት የሌላቸውን ልጆች ቤት ለቤት እየዞረ የመዘገበው። ነጭ የሚለብሱት የካቶሊክ ሴት መነኮሳት ከቡራዩ ወዲያ ባለው ኮረብታ ድንኳን ተክለው ልጆቹን ክረምቱን ያሳድራሉ፣ ያበላሉ፣ ያስተምራሉ አለን። ካምፖ ይሉታል። በአገራቸው ሐምሌና ነሐሴ የፀሐይ ወራት ናቸው አሉ፤ ስለዚህ እዚህም ልጆቹን ፀሐይ እናሙቃለን ብለው በእኛ ጨለማ ክረምት ጭቃ ላይ አሰፈሯቸው። ልጁን የከለከለ የሚታደለው ስንዴ ይቀርበታል ተባለ። ሰብሌን ሰጠኋት።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታውቃት የለ፤ ከእጄ ካልጎረሰች የማትበላ፣ ደጅ ለመውጣት እንኳ ነጠላዬን የምትይዝ ልጅ ነበረች። ካሚዮኑ ላይ ሲያወጧት ነጠላዬን አልለቅም ብላ ጥለቱ በእጇ ቀረ። እስክትመለስ ድረስ ልቅሶዋ ከጆሮዬ አልጠፋም። ጳጉሜን ላይ ጸጉሯን ተላጭታ፣ እየሳለች መጣች። ላቅፋት ስል ግን እጄን ያዝ አድርጋ ሳመችኝና ‹ደህና ነኝ እማዬ፣ መጀመሪያ እግሬን ልታጠብ› አለችኝ። ማታም ከጎኔ አልተኛችም፤ ለብቻዋ አጎዛ አንጥፋ ተኛች። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ዓመት ካሚዮኑ ላይ ራሷ ወጣች። ስትመለስ ልብሷን ራሷ ታጥባለች፣ የተቀደደውን ትጥፋለች። ድንኳን ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር አስተምረዋቸው ኖሮ፣ የእኛንም ቤት ዙሪያ ቆፈረችና በየክረምቱ መደቡን ሲያረጥብብን የነበረው ጎርፍ ቀረ። የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ወዬሳ በአጠገቧ ሲያልፉ ‹ይቺ ልጅ ወንድ ብትሆን መሬት እሰጣት ነበር› ቢሏት፣ ‹መሬቱን ይስጡኝ፣ ወንድ መሆኑን ኋላ አስብበታለሁ› ብላ ሽማግሌውን አሳቀቻቸው። አስኮ ኬላ ላይ ወታደር የፈተልኩትን ጥጥ ሊቀማኝ ሲል በቋንቋው የሆነ ነገር ተናገረችው፤ ስቆ አሳለፈን። እኔ እንደ ልጅ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። አልዋሽህም፣ ኮርቻለሁ። አባት የሌላት ልጅ ራሷን ስትችል ማየት ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ።

አንድ ቀን ግን አተር እየለቀምን ሳለ እንዲህ አለችኝ። ማታ ማታ እሳት ዙሪያ ያስቀምጧቸዋል። እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ ስለ ቤቱ ይናገራል፤ ማን መጣ፣ ማን አደረ፣ አባት ወዴት ሄደ። አፍ እንዲፈቱ፣ ዓይነ አፋርነት እንዲለቃቸው ነው ይሏቸዋል። መነኮሳዪቷ ጸጉራቸውን እየዳበሰች ትሰማለች፤ ጉልላት ከጀርባ ቆሞ ያስተረጉማል። ጥሩ የተናገረ ካራሜላ ይሰጠዋል። ‹እማዬ፣ ብዙ ካራሜላ ያገኘው ልጅ አባቱ ታሰረ› አለችኝ። አተሯን መልቀም ቀጠለች። እኔም አብሬያት ለቀምኩ። አሁን ሳስበው፣ ልጅቷ ያን ቀን እኔን ጠይቃ መልስ ስታጣ ነው ለራሷ ማሰብ የጀመረችው።

ዘንድሮ አሥራ አንድ ሞልቷታል። የአንድ ድንኳን አለቃ አድርገዋት ስምንት ትንንሽ ልጆች ሥሯ ናቸው። በሰኔ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከገጠመ ወዲህ ፍተሻው ጠንክሯል፤ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ዱር የወጣ ሰው ሁሉ ዘመዱ ይጠየቃል። ያንተም ስም እነሱ ዘንድ አለ።

ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት አባ ወዬሳ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ከጎናቸው ጉልላት ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ሰማይ ሳይገላለጥ ሽማግሌ ይዞ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ እኔና አንተ እናውቃለን። ጉልላት ‹ወይዘሮ፣ ስለ ወንድምዎ ስለ ዱባለ ሞት ነው የመጣነው› ሲል የቀረውን አልሰማሁም። መሬት ላይ ነበርኩ።

ሰውየው ግን ሊያረዳኝ አልነበረም የመጣው፤ እውነት ሞቷል ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ነበር። በዚያ ሰዓት የመጣው ሳልዘጋጅ ሊያገኘኝ ነው፤ አባ ወዬሳን ያስከተላቸውም ምስክር እንዲሆኑት ነው። እሳቸው ደግሞ ሞትህን ከእሱ አፍ ሲሰሙ ለመርዶ የተጠሩ መስሏቸው ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው መጡ። እኔም የእሳቸውን ጋቢ አይቼ ጮኽኩ፤ እሳቸውም የእኔን ጩኸት ሰምተው አለቀሱ። ጎረቤቴ ፋሪዳ በጓሮ በኩል ሮጣ መጥታ ወገቤን ያዘችኝና ጉልላት ላይ ወረደችበት፤ ‹አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ! ሰው በር ላይ ገትረህ ታረዳለህ? ዘመድ አትጠራም? የሚይዛት ሰው እንኳ አታቆምም?› እሱ ‹እኔ እኮ…› ብሎ ቀረ። ለቀስተኛው ሲሞላ ምን ያድርግ፣ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ንፍሮውን ዘገነ። ሲወጣ ‹እግዜር ያጥናዎ› ብሎኝ ሄደ። የፈለገውን መልስ ከፊቴ ላይ አንብቦ ነው የሄደው።

ዱባለ፣ ጸጉሬን ተቆረጥኩልህ። በጀርባዬ ያዘልኩህን፣ ዋርካው ሥር የወደቅኸውን ሁሉ እያነሳሁ አለቀስኩ። አንተ ጅማ ሳለህ የእናታችንን ሞት ክረምቱን ሙሉ ሸሽጌህ፣ በኋላ በሰው አገር ብቻህን እርምህን ማውጣትህ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህ ሁሉ በዚያ የመጣብኝ መሰለኝ።

ነሐሴ ገብቶ ወላጅ ልጁን እንዲያይ በተፈቀደበት እሑድ፣ ጥቁሬን ለብሼ በእግሬ ወደ ካምፖው ወጣሁ። ለልጅቷ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ሰብሌ ከሩቅ አየችኝ። ልብሴን አየች፣ ጸጉሬን አየች። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ትንንሾቹን ለሌላ ልጅ አስረከበች፣ መነኮሳዪቷን በቋንቋቸው አስፈቀደች፣ ከዚያ ክንዴን ይዛ ልብስ ወደሚያጥቡበት ወንዝ ወሰደችኝ። ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝና ‹እማዬ፣ እንዳትጮኺ። አጎቴ አልሞተም። የገደልኩት እኔ ነኝ› አለችኝ።

በየማታው ስላንተ እየጠየቁ አላስቀምጥ አሏት። አላውቅም ብትላቸው በማግስቱ ይደግሙታል። ሌላ ልጅ ያውቅ እንደሆነ ትንንሾቹን መጠየቅ ሲጀምሩ፣ ተነሥታ ‹አጎቴ ግቤ ማዶ በወባ ሞቷል› አለቻቸው። የሞተ ሰው አይፈለግም ብላ። ጉልላት መጥቶ ይጠይቀኛል ብላ ግን አላሰበችም ነበር። ልመታት ይሁን ልስማት ሳላውቅ ‹ምነው አስቀድመሽ ብታስታውቂኝ?› አልኳት። ‹በማን ልላክ?› አለች። ቀጥላም ውሃውን እያየች ‹ደግሞ ብታውቂ ኖሮ እንደዚያ አታለቅሺም ነበር› አለችኝ።

ወንድሜ፣ ይህን ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። የገዛ ልጄን ፈራኋት። ቀጥላ አዘዘችኝ፤ ‹ጥቁሩን አታውልቂ። አርባውን አውጪ። ጉልላትን ጥሪው›። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ልለያት ስል መነኮሳዪቷ ቀርባ በጉልላት አፍ እንዲህ ብላ አስነገረችኝ፤ ልጄ ብልህ ስለሆነች ዘንድሮ ከሌሎቹ ጋር አትመለስም፤ መስከረም ከጠባ እዚያው አዳሪ ትሆናለች። ሰብሌም ያን ጊዜ ነው የሰማችው። እጄን አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋ ለቀቀችኝና ወደ ልጆቿ ሄደች።

ዋጋነሽ ቅቤዋን ይዛ የመጣችው ከካምፖው በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ ጉልላትም በር አጠገብ ተቀምጧል። ገብታ ‹ውይ፣ ማን ሞተባችሁ?› ስትል ፋሪዳ ‹ዱባለ› አለቻት። ዋጋነሽ ‹የቱ ዱባለ? ባለፈው…› ብላ ጀመረች። ዘልዬ አንገቷን አቅፌ ጮኽኩ፤ አፏን ትከሻዬ ላይ ደፍቼ ‹አልቅሺ› አልኳት በጆሮዋ። እግዜር ይስጣት፣ አለቀሰች። ማድ ቤት ወስጄ ሁሉን ከነገርኳት በኋላ ነው፣ ለመስቀል እመጣለሁ ብለህ የላክህብኝን የነገረችኝ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። አርባህ ጳጉሜን ላይ ይውላል። አባ ገብረአምላክ ሳያውቁ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አድርሰዋል፤ ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን፣ ሟርት ግን እንዳይሆንብህ በየቀኑ እሰግዳለሁ። ልጅቷን መጥቼ አወጣታለሁ እንዳትል፤ አውቅሃለሁ፣ ይህን ስታነብ ደምህ ይፈላል። ያንተን ጥላ ያዩ ቀን የሚጠይቁት እኔን አይደለም፤ እሷ በእጃቸው ናት። በዋጋነሽም በኩል የቃል ሰላምታ አትላክ። የኮልፌ ሰው ገበያ ላይ ብታይ ፊትህን መልስ። ወረቀቱን አንብበህ አቃጥለው፤ ለሰርኬ በቃል ንገራት።

ሰርኬን ሳምልኝ፤ ባልሽን አንድ ክረምት ሙሉ አልቅሼልሻለሁና አንቺ ደህና አድርገሽ አብዪልኝ በላት። ፈቀደን ግንባሩን ሳምልኝ፤ አባቱ የት እንዳለ ለጠየቀው ሁሉ እንዳይመልስ ከአሁኑ አስተምረው። ትንሿን ዓለምን ጉንጯን ሳምልኝ። አማትህን እማማ እሙን ጉልበታቸውን ስማለሁ፤ በጸሎታቸው ሰብሌን እንዳይረሷት። ፋሪዳ ሰላም እንዳትልህ መኖርህን አታውቅም፤ ነፍስ ይማር እያለችህ ነው።

ሰብሌ ግን ሰላም ብላሃለች። ወንዙ ዳር ለአጎቴ ንገሪው ብላ የላከችብህን ቃል ሳላሳምረው እጽፍልሃለሁ፤ ‹እኔ እስክጠራው ድረስ እንደ ሞተ ይቆይ›።

እህትህ ወለተጻድቅ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.