የፓኬቶችን ሰዓት ሲጠብቁ የኖሩት ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ቤተሰቡ ሁሉ «ጋሼ»፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ በሌሉበት «ወንፊቱ» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት ታላቅ ወንድማችን፣ ከውኃ መስመር ሠራተኛው አባታችንና ከትምህርት ቤት ጸሐፊዋ እናታችን በየካቲት ወር 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት የመጨረሻዋ እህታቸው ነኝ። ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ብቻ መናገር አይሆንልኝም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ያልተጣራ ነገር አይወዱም ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው በጥሩ ውጤት አጠናቀዋል። አራተኛ ክፍል ሳሉ መምህሩ በሒሳብ ፈተና ለሁሉም አንድ ነጥብ አብዝተው መስጠታቸውን ደርሰውበት ተናገሩ። ነጥቡ ከሁሉም ተቀነሰና ክፍሉ በሙሉ አንድ ወር አኮረፋቸው። በ1979 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው በቀጣዩ ዓመት የኔትወርክ ዕቃዎች በሚሠራ ድርጅት ተቀጠሩ። በ1984 ዓ.ም. ከፋርማሲስቷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ2000 ዓ.ም. ድርጅቱ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጣቸው። መስኮቷ የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው። በውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ በአጭር ኬብል የተገናኙ ሁለት የመሞከሪያ ኮምፒውተሮችና ድምፁ የማይቋረጥ ማራገቢያ ነበሩ።

ሥራቸው ምን እንደነበር ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በኔትወርክ የሚጓዝ መረጃ በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ጥቅሉ ፓኬት ይባላል። ኮምፒውተሩን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው የኔትወርክ ካርድ እያንዳንዱ ፓኬት የደረሰበትን ቅጽበት ይመዘግባል። ያንን ሰዓት ከካርዱ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያደርሰው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ የሚሠራውም ከርነል በሚባለው የኮምፒውተሩ እምብርት ውስጥ ነው። ኮዱን ሌሎች ይጽፉታል፣ ጋሼ ይገመግሙታል። የእሳቸው ስም ካልሰፈረባት አንዲት መስመር አታልፍም። ኮዱን በወረቀት አትመው፣ የቀረውን በማስመሪያ ሸፍነው፣ ከታች ወደ ላይ አንድ አንድ መስመር ያነቡ ነበር። የጠረጠሩት መስመር አጠገብ «ለምን?» ብለው ይጽፋሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም።

በሐምሌ 2003 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመረቅ ለመድረስ ሲጣደፉ አሥራ አንድ መስመር ያላት የኮድ ማሻሻያ አሳለፉ። የካርዱ ሰዓት ረጅም ቁጥር ስለሆነ በሁለት ግማሽ ይነበባል። ላይኛው ግማሽ ተነቦ ታችኛው እስኪነበብ ድረስ ታችኛው ሞልቶ ወደ ዜሮ ሊመለስ ስለሚችል፣ ላይኛውን ዳግመኛ አንብቦ ማመሳከር ግድ ነው። ለፍጥነት ሲባል ያቺ ዳግመኛ ንባብ ተሰርዛ ነበር። ስህተቱ አልፎ አልፎ ብቻ ይከሰታል፤ ሲከሰት ግን ሰዓቱን አራት ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይጎትታል።

ድራይቨሩን ከሚጠቀሙት አንዱ የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ነበር። የትኛው የኤሌክትሪክ መስመር ቀድሞ እንደተቋረጠ የሚለየው ድራይቨሩ በሚሰጠው ሰዓት ስለነበር፣ ሰዓቱ ሲሳሳት የጥገና ቡድኑ ወደተሳሳተ ምሰሶ ተላከ። በዝናብ የወጣው የመስመር ሠራተኛ ተንሸራቶ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ጋሼ ሆስፒታል ድረስ ሄደው ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ነገሩት። ሠራተኛውም «ጋሼ፣ እኔን የጣለኝ ዝናቡ ነው፤ የምን ኮድ ነው የሚሉኝ?» አላቸው። ሰውየው በስምንተኛው ወር ወደ ሥራው ተመለሰ። ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያች ክፍል እስረኛ ሆኑ።

ባለቤታቸው ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ፋርማሲ ከፍተው አብረው እንዲኖሩ ዘወትር ይወተውቷቸው ነበር። በ2006 ዓ.ም. ጋሼ መልቀቂያ አስገቡ። ኃላፊያቸው «ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱ ማን ይፈርማል? ትንሽ ይታገሡን እንጂ» ብለው ደብዳቤውን መለሱላቸው። በ2008 ዓ.ም. ዕቃው ተጠቅልሎ መኪና ላይ እየተጫነ ሳለ አንዲት ማሻሻያ መጣች። «ይህችን ብቻ አይቼ» ብለው ወደ ቢሮ ሄዱ። ዕቃው ሄደ፣ ባለቤታቸውም ሄዱ፣ ጋሼ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሲተያዩ ስምንት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ተቆጣሁ። «ዞር ስል ሌላ ሰው ይውደቅ? እንዲህ ነው የምትይው?» አሉኝ። ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ሦስት ተተኪዎች ተመድበውላቸው ሦስቱም በ«ለምን?» ተሰላችተው ሄዱ። በ2012 ዓ.ም. ግን «ዝምተኛዋ» የምንላት ወጣት መሐንዲስ መጣች። አንድ ወረቀት አሥር ጊዜ ቢመልሱባት ሳትናገር አርማ ታመጣለች።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጋሼ አንዲት ማስተካከያ ራሳቸው ጽፈው ለደንቡ ያህል ሰጧት። ወረቀቱ በማግስቱ ጠረጴዛቸው ላይ ተመልሶ ተገኘ። «ጋሼ፣ ሰዓቱን የጠየቁት ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ ከተዘጋ በኋላ ነው። የሚመጣው ቁጥር ውሸት ነው። አልፈርምበትም» ብላ ጽፋለች። ወንድሜ ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን መሞከሪያው ላይ አዩት፤ ልክ ነበረች። የዚያን ቀን ደውለውልኝ «ያዘችኝ እኮ! እኔን ያዘችኝ!» እያሉ ሲስቁ፣ እውነቴን ነው፣ የጤና አልመሰለኝም ነበር። በዚያው ሳምንት ስማቸውን ከድራይቨሩ ኃላፊነት ሰርዘው የእሷን አስገቡ።

ኅዳር 20 ቀን አንዲት ሻንጣ ይዘው ሐይቅ ዳር ወዳለችው ከተማ ገቡ። በሳምንቱ ከቢሮ ተደውሎ አንድ ነገር ሲጠየቁ «እሷን ጠይቋት» ብለው ስልኩን ዘጉ። ባለቤታቸው ይህን ሲያወሩ ያለቅሳሉ።

ሆዳቸውን ማመም ከጀመራቸው ግን ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ምርመራውን «ይህ ሥራ ይለቅና» እያሉ ሲገፉት ቆይተው፣ ባለቤታቸው ሐኪም ዘንድ ሲወስዷቸው ጊዜው አልፏል ተባለ። በአርባ አንደኛው ቀን፣ ጥር 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ለትዳራቸው የተረፈው አርባ አንድ ቀን ነው።

ጋሼ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ። አንዲት የልጅ ልጅም አይተዋል።

ድርጅቱ አራተኛ ፎቅ ያለችውን ክፍል በስማቸው ለመሰየም ቤተሰቡን ጠይቋል። ለታሰበው ክብር እናመሰግናለን፤ ነገር ግን አልተስማማንም። ወንድማችን ከዚያች ክፍል ለመውጣት አሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ስማቸውን መልሰን አናስገባም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰፊው ቤቱ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን።