ወደ ግራ የሚሮጠው ልጅ

ላሳደግሽኝ ታላቅ እኅቴ፣

እቴቴ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ዓይንሽ አሁንም ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባል ወይስ ለጎረቤት ልጆች ተውሽው? ስልክ ላይ ጆሮሽ እምቢ እያለ ግማሹን «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ስለምታልፊው ይኸው ወረቀት ያዝኩ። የምታደርስልሽ ውድነሽ ናት፤ ሐሙስ ትበራለች። እኛ ሁላችን ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደኅና ነን ያልኩሽ ለወጉ ነው። እኔስ ሁለት ሳምንት ሙሉ መቀመጥ አቅቶኛል። ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን የአንዱን በረራ ከሌላው ጋሪ ላይ እየደባለቅኩ አለቃዬ ሲጮህብኝ ይውላል። ከሥራ መጥቼ ዋይሊ ከተማ ካለው ቤቴ በር ላይ ፓርክ አደርግና ሳልወርድ እንደገና ሞተር አስነሣለሁ። ሮውሌት የሚባለው ከተማ ሐይቁ ድረስ እነዳለሁ፤ እዚያም አልወርድም፣ ዞሬ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ስርጉት «መኪናው እንኳ ሰለቸህ» ትለኛለች።

ነገሩ የኢዩ ነው። ልጄ ኮሌጅ የገባው በኳስ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የዚህ አገር ፉትቦል በእጅ ነው። ኳርተርባክ የሚሉት ልጅ ኳሱን ተቀብሎ ወይ ይወረውራል ወይ ይዞ ይሮጣል፤ ቡድኑ ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ያ ልጅ ኢዩ ነው። የድሮው አሰልጣኝ እንደፈቀደው ይለቀው ነበር። ዘንድሮ አዲስ መጣ፣ ጡብ የሚያህል የአጨዋወት መጽሐፍ ይዞ። መጽሐፉ ቆመህ ጠብቅ፣ ወደ ቀኝ ወርውር ይላል። ኢዩ ቆሞ ሲጠብቅ ሁሉ ነገር ይጠፋበታል፣ ኳሱን ለተቃራኒ ይሰጣል። ወደ ግራ ሲሮጥ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሜዳው በሙሉ ይታየዋል። ሊዮን የሚባል ቆሞ መወርወር የሚችል ልጅ ደግሞ ቦታውን እየጠበቀ ነው።

የወላጆች ቀን አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም። መጽሐፉን ለልጅህ ብዬ ልገለብጠው እችላለሁ፣ ጨዋታውን ሁሉ ወደ ግራ ላዞረው እችላለሁ፣ አለኝ። ግን ብዙ ሥራ ስለሆነ አንድ ነገር ማወቅ ፈልጓል፤ ልጁ ወደ ግራ የሚሮጠው ፈርቶ ነው ወይስ ተፈጥሮው ነው? ጠርሙስ የሚከፍተው በግራው ነው፣ ሲወድቅ የሚመረኮዘው በግራው ነው፣ የሚወረውረው ግን በቀኙ። ይኼ አልገባውም። «ልጅህ ሲፈጠር ግራኝ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«የለም፤ በቤታችን ግራኝ የለም» አልኩት።

እቴቴ፣ አፌ ነው የዋሸው፣ እኔ አልላክሁትም። ጥያቄውን ስሰማ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ያንቺ የስፌት መኪና አጠገብ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። ሰውዬው አመስግኖኝ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ሰረዘ።

አሁን ላንቺ ልናዘዝ። ቪከሪ ሜዶ በሚሉት ሰፈር ባለ አንድ ክፍል አፓርትመንት ሳለን፣ ኢዩ አራት ዓመቱ፣ የማኅበር እንግዶች መጡ። ልጄ ከትሪው ጠቅልሎ አንዲት ትልቅ እናት ሊያጎርስ ግራ እጁን ዘረጋ። ሴትዮዋ ፊታቸውን አዞሩ። ጉርሻው በእጁ ቀረ፣ የሚያደርግበት ጠፍቶት እኔን አየኝ። በማግሥቱ ግራ እጁን ካልሲ አጥልቄ ከቀበቶው ጋር አሰርኩት። ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ አሰርኩት። በቀኙ መወርወርም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ እያለቀሰ። ስርጉት ያኔም አልወደደችውም። ከአሰልጣኙ ዘንድ ተመልሼ የሆነውን ስነግራት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ «ያሰርከው አንተ ነህ፤ አንተው ፍታው።»

ያላስቀመጠችኝ ይቺ ቃል ናት። ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ኮሌጁ ሄድኩ። በምግብ አዳራሹ በኩል ሳልፍ በመስታወቱ ኢዩን አየሁት። ብቻውን ተቀምጦ በግራ እጁ ይበላል። ተረጋግቶ፣ ደስ ብሎት። እኛ ቤት እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ፈገግ አለና ሹካውን ወደ ቀኙ አዛወረው። ሃያ ዓመቱ ነው እቴቴ፣ ትከሻው በር ይሞላል፤ እኔን ሲያይ ሹካውን አዛወረ።

ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሶ አባ፣ ምን ሆነህ መጣህ፣ እማ ኦኬ ናት? አለኝ። ሹካውን ከቀኝ እጁ ወሰድኩና በግራው አስያዝኩት። አየኝና መብላቱን ቀጠለ።

ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ገብቼ እንደዋሸሁት ነገርኩት። ተቆጣ፤ ሁለት ሳምንት አቃጥለህብኛል አለ። አሁን ሁሉን መገልበጥ አይደርስም፣ ግማሹን እሞክራለሁ ብሎ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደው። ትናንት ኢዩ ኮል አደረገልኝ፤ ቅዳሜ ጨዋታውን የሚጀምረው እሱ ነው። ሊሸነፉ ይችላሉ። ሁለተኛ ቅዳሜ ላይሰጡትም ይችላሉ። እኔ እንደሆነ አሁንም አልተቀመጥኩም፤ ይህን የምጽፍልሽ የኩሽናው መደርደሪያ ላይ ቆሜ ነው።

አንቺን ልወቅስ ብዬ እንዳይመስልሽ። በዚያ በልብስ መለኪያ ሜትርሽ እጄን ከወንበሩ ጋር ስታስሪ ታለቅሺ እንደነበር አልረሳሁም። የኔታ እንዳይገርፉኝ ብለሽ ነው። እኔም ኢዩን ሰው ፊቱን እንዳያዞርበት ብዬ ነው። ሁለታችንም ስለወደድን ነው ያሰርነው፤ ይኼ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። አንቺ የደሴን ሰው ሁሉ በቁመቱ ለክተሽ ስታለብሺ ኖረሻል፣ እኔ ግን አንድ ልጄን መለካት አቃተኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ያቆይልሽ። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሚ ኢዩን አስቢልኝ። ጽሕፈቴ ከሁለተኛው ገጽ ወዲህ ተንጋዶ ካስቸገረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ግራ እጄ ብዕር ካልያዘ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ