ሁለት ሁለት የሚጥለው ሳጥን

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1953 ዓ.ም.

ውድ በሺር፣

እንዴት ሰነበትህ የሚለውን ኋላ እጽፈዋለሁ፤ መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ። ዛሬ ጠዋት ከሱቅህ ባንኮኒ ሥር አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ምን እንደ ሆነ አንተ ታውቀዋለህ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ሽሬ፣ አንተም ደብዳቤዬን ለአጎትህ ለበሺር ስታነብለት ደስ የማይለውን እየዘለልህ እንዳታልፍ። አማርኛው ከከበደህ ቀስ በል። ስድቡም ይነበብ፣ ይቅርታውም ይነበብ።

በሺር፣ ነገሩን የጀመርኸው አንተ ነህ። ዘንድሮ ያንተ ረመዳንና የኔ ሁዳዴ ገጥመው፣ ድሬዳዋ በሙሉ ጾመኛ በሆነችበት ሰሞን፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ከረሜላ በብብትህ ይዘህ ቤቴ መጣህ። በሩን ሳታንኳኳ፦

«ዋርያ ወልደማርያም! ልጆቹ ጨረሱኝ አቦ! አንድ ውሰድ ስለው ሦስት ጨብጦ ይወጣል። እጁም ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የመጣ ነው። ጅቡቲ ፈረንጆቹ ዘንድ አንድ ሳጥን አይቻለሁ፤ ስትስበው አንዲት ከረሜላ ብቻ ጠብ ያደርጋል። አንተ የባቡር ወንበር የምታለብስ ሰው ይህ ያቅትሃል?»

«ከጅቡቲ ግዛዋ» አልሁህ።

«አልቋል አሉ፣ ወላሂ።»

አልቋል አልህ። ይህችን ቃል ያዝልኝ።

እምቢ ልልህ ነበር። አስካለማርያም ካረፈች ወዲህ ከወርክሾፕ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር መንገዴ። ሌላ ነገር እንዲጨመርብኝ አልፈልግም ነበር። አንተ ግን ጣሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ ሄድህ። ጣሳው ሦስት ቀን አፈጠጠብኝ። በአራተኛው ቀን የጫማ ካርቶን ፈለግሁ።

የሠራሁትን ታውቃለህ፣ ሽሬ ግን አላየውምና ልጻፈው። ካርቶኑ ቤቱ ነው። ከላይ ክዳኑና ቂጡ የተቆረጠ የዱቄት ወተት ጣሳ ቆሟል፤ ከረሜላው እዚያ ይገባል። ከጣሳው በታች ወፍራም ወረቀት ላዩን ሰፊ፣ ታቹን ጠባብ አድርጌ ጠቀለልሁ፤ በዱቄት ሙጫ ለጠፍሁት። ሙጫውን አንድ ጊዜ አይጥ በላብኝ፤ እንደገና ለጠፍሁት። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን አንዲቷን ከብዙዎቹ የሚለያት ነገር ነበር። ለዚያ ክብ እንጨት ያስፈልገኝ ነበር። ከአስካለማርያም የስፌት ሳጥን በቀር የትም እንደማላገኘው አውቅ ነበር።

ሳጥኗን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ በነጠላዋ ሸፍኜ አስቀምጬው ነበር። ስከፍተው ትልቁ የክር እንጨት ከላይ ተቀምጧል፤ ቀይ ክር አለበት፣ መርፌዋም እንደ ተሰካ ነው። ክሩን ፈትቼ ወረቀት ላይ ጠቀለልሁት። ከሰዓት በኋላዬን በሙሉ ፈጀብኝ። ለምን እንደዚያ ቀስ እንዳልሁ አልገባኝም ነበር።

እንጨቷን በምላጭ አንድ ከረሜላ የምትይዝ ጎድጓዳ ቆፈርሁባት። በመሐሏ የጃንጥላ ሽቦ አሳለፍሁ፤ በአንድ በኩል ገመድ፣ በአንድ በኩል የብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ አሰርሁ። ገመዱን ስትስበው ጎድጓዳዋ ወደ ላይ ዞራ አንዲት ፍሬ ትቀበላለች። ስትለቀው ላስቲኩ ይመልሳትና ፍሬዋን በቀዳዳው ትጥላለች።

የመጀመሪያ ቀን ላስቲኩን አጥብቄው፣ ፍሬዋ ተወርውራ ግንባርህን መታችህ።

«አንተ! ጾመኛ ትመታለህ?» አልህ፣ ግንባርህን ይዘህ።

«እኔም ጾመኛ ነኝ፣ እኩል ነን።»

የመታህ ከረሜላ እንዳልነበረ ታስታውሳለህ? ሽምብራ ቆሎ ነበር። ጥፋታችን ይኸው ነው። ከረሜላው ወተት አለበት፣ ሁዳዴ ነው፤ እኔ ደግሞ አፌን አውቀዋለሁ፣ ጣፋጭ ነገር በጣቴ ከነካሁ ጣቴ የት እንደሚገባ አላውቅም። በከረሜላ ሞክርልኝ ብልህ አንተም፦ «እኔ በጾም ቀን ከረሜላ ነክቼ ጣቴን ብልስ ማን ሊከፍልልኝ ነው?» አልህ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁለት ሃይማኖት፣ አንዲት ከረሜላ የሚነካ ጠፋ! ስለዚህ ሽምብራ የሚያክለውን ከረሜላ ትተን በሽምብራ ሞከርነው። ሽምብራ ደረቅ ነው፤ ይንከባለላል፤ አያልበውም። መቶ ጊዜ ሳብነው፣ መቶ ጊዜ አንዳንድ ጣለ። አንተ አጨበጨብህ። እኔም እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

ዒድ ደረሰ። ሳጥኑን በሱቅህ በረንዳ ምሰሶ ላይ ሰቀልነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ ተሰለፈ፤ ዛሬ በነፃ ነው ብለሃላ። አማቾችህ ከጅግጅጋ መጥተው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤትህ ዚነት ለኔ ብላ ሥጋ ባልነካው አዲስ ሳህን የምስር ሳምቡሳና ቴምር አቅርባልኛለች። የጋሪ ነጂው ልጅ ቢላን ቢጫ ቀሚሷን ይዛ መጀመሪያ ሳበች፤ አንዲት ቀይ ከረሜላ መዳፏ ላይ ጠብ አለች። እልልታው! አሥር ልጆች አለፉ፤ አሥር ከረሜላ ወረደ።

ከዚያ ፀሐይዋ ወደ በረንዳው ዞረች። የድሬዳዋ ፀሐይ ምን እንደምታደርግ ለአንተ አልነግርህም። አሥራ አንደኛው ሳበ፣ ምንም የለም። አሥራ ሁለተኛው ሳበ፣ ምንም የለም። ቢላን ተመልሳ መጥታ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ አስጠጋችና፦

«አባባ፣ ሞተ እንዴ?» አለችኝ።

«ጎትቺው!» አልሃት አንተ።

ጎተተችው። ሳጥኑ ከነምስማሩ ተነቅሎ ወረደ፤ ከውስጡም ከረሜላው ተጣብቆ አንድ ላይ እንደ ጡብ ዱብ አለ። ልጆቹ በአዲስ ልብሳቸው ተንጋግተው ወደቁበት። አንተ ስኳር ጆንያው ላይ ተቀምጠህ ሆድህን ይዘህ ሳቅህ።

«ወልደማርያም! የሽምብራ ንግድ እንጀምር ብትለኝ አይሻልም ነበር?»

አማቾችህ ሳቁ። ጋሪ ነጂው ሳቀ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ያቺ የአስካለማርያም እንጨት ከተቀደደው ካርቶን ውስጥ በከረሜላ ተለውሳ፣ የልጆች እግር ሥር ወድቃለች። እሷ የተሳቀባት መሰለኝ። አነሣኋትና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፦

«ከረሜላህ ብልሹ ነው! አንተ መቼ ደህና ዕቃ ሸጠህ ታውቃለህ! አታላይ!» አልሁህ።

በዒድህ ቀን። በአማቾችህ ፊት። ነጋዴን።

ሳቅህ ከፊትህ ላይ ሲወርድ አየሁት። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? ጎንበስ ብለህ ከረሜላውን ለልጆቹ መልቀም ጀመርህ፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ዚነት ሳህኑን እንደ ያዘች ቀረች። አንዲት ሳምቡሳ ሳልነካ ሄድሁ።

በአምስተኛው ቀን ለዓይንህ ሕክምና ወደ ጅቡቲ ተሳፈርህ። እኔ ከጣቢያው ጎን ወርክሾፕ ውስጥ መዶሻ ይዤ ቆሜ ነበር። ፉጨቱን ሰማሁ። ሠላሳ እርምጃ ነው፤ አልወጣሁም። በመስኮቱ አንገትህን አውጥተህ ስታይ ነበር ብላ ዚነት ነገረችኝ።

በሰሞነ ሕማማት ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ።

«ከማን ጋር ነው የተጣላኸው?» አሉኝ።

«ከአንድ እስላም ነጋዴ ጋር ነው፣ አባቴ።»

«እኔ እስላም ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁህ? ሳትታረቅ እንዳትቆርብ።»

ስለዚህ ፋሲካ አለፈኝ። ሰው ሲቆርብ እኔ ከኋላ ቆሜ ምሰሶ አቅፌ አየሁ። በሺር፣ በአንዲት ጡብ ከረሜላ የተነሣ! በቁጣ ሳይሆን በኀፍረት ነው ያለቀስሁት። ብልሹው ከረሜላህ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። በሽምብራ የሞከርሁት እኔ ነበርሁ። ይህን ያን ቀንም አውቀው ነበር፤ ለዚህ ነው ድምፄ ያን ያህል የጮኸው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ዚነት ዘንድ ሄጄ ይቅር በይኝ አልኋት። «ይቅርታውን ለባለቤቱ ጻፍ» አለችኝ፤ «ሳጥኑን ግን አምጣው፣ ልጆቹ አሁን እኔን ጨረሱኝ።» ጾሙ ወጥቷልና በዚህ ጊዜ በከረሜላ ሞከርሁት፤ ከሞከርሁት ይልቅ የበላሁት ይበልጣል። ስኳር በሙቀጫ አድቅቄ በሻሽ ነፋሁ፤ ከረሜላውን በዱቄቱ አንከባለልሁት። ካርቶኑን በጣውላ ለወጥሁ። በረንዳው ቀርቶ ውስጥ ጥላው ላይ ይሁን አልሁ።

ዛሬ ጠዋት ልሰቅለው ሱቅህ ገባሁ፤ ምስማር አጠረኝ። «ከባንኮኒው ሥር ፈልግ» አለችኝ ዚነት። ጎንበስ አልሁ። አቧራ የለበሰ፣ የፈረንሳይ ጽሑፍ ያለበት የእንጨት ሳጥን አገኘሁ። ምስማር ያለበት መስሎኝ ከፈትሁት። የሚያብረቀርቅ የብረት ማሽን! መስተዋት ያለው፣ እጀታ ያለው፣ ከረሜላ የሚጥል!

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ? ከጅቡቲ ያመጣው ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል፣ አስካለ ሳታርፍ ነው።»

«ታዲያ እኔን ለምን አሠራኝ?»

ዚነት ስኳር መመዘኗን ሳታቆም መለሰችልኝ፦ «በርህን ዘግተህ ትቀመጥ ነበራ። ይሄ ሰውዬ ጣቱ ሥራ ካላገኘ ይሞትብኛል አለ። በሺር ነው፣ ምን ታደርገዋለህ?»

ምን አደርግሃለሁ? አልቋል አልኸኝ! ወላሂ ብለህ! በረመዳን! አንድ ወር ሙሉ አይጥ ሙጫዬን ሲበላ፣ ምላጭ ጣቴን ሲቆርጠኝ፣ አንተ እዚያ ማሽን ላይ ቆመህ «በርታ ወልደማርያም» ትለኛለህ? አታላይ ብዬህ ነበር፤ ለካ አታላይ ነህ! ከአቧራው ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ ስቄ ስቄ ዚነት ውኃ አመጣችልኝ። ኋላ ሳቁ ሌላ ሆነብኝ፤ እሷም አይታ ወደ ሚዛኗ ዞረች።

ሽሬ፣ ይህችን ጮክ ብለህ አንብብ። በሺር፣ ስለ ዕቃህ ዋሽቻለሁ። ዕቃህ ደህና ነው፤ ሁልጊዜም ደህና ነበር። አማቾችህ ዘንድ ጅግጅጋ ሄጄ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ለፈቃድ ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። አንተ ይቅር በለኝ። ግንቦት 21 የአስካለማርያም ሙት ዓመት ነው፤ ያን ቀን ብቆርብ ደስ ይለኛል። የሚጎድለኝ ያንተ አንድ ቃል ብቻ ነው።

ሳጥኑ ተሰቅሏል፣ ይሠራል። አንድ ጉድለት አለበት፦ የተጣበቀውን ከረሜላ ከእንጨቷ ስፍቅ ጎድጓዳዋ ሰፋች፤ አሁን ሁለት ሁለት ይጥላል። አንዳንድ ነበር የፈለግኸው። ሌላ እንጨት ቀይር ካልኸኝ ግን አልቀይርም፣ ይህን ከአሁኑ እወቅ። ብረቱን ማሽን ባንኮኒው ሥር መልሼዋለሁ፤ ቢላንም «አባባ፣ ይሄኛው ከበፊቱ ደግ ነው» ብላኛለች።

አሁን ልጠይቅህ፦ እንዴት ሰነበትህ? ዓይንህ እንዴት ነው?

የምትመጣበትን ባቡር በሽሬ አስጽፈህ ላክልኝ። ሲያፏጭ መዶሻዬን ጥዬ እወጣለሁ። ሠላሳ እርምጃ ነው። መድረኩ ላይ ሁለት ከረሜላ ይዤ እቆማለሁ፤ አንተም ከመስኮቱ አንገትህን አውጥተህ እንደ ልብህ ሳቅብኝ።

ወንድምህ
ወልደማርያም